ከቡናማው ወረቀት ሥር

ሚኒያፖሊስ፣ ኦክቶበር 6፣ 2024

ለተከበሩ ጋሽ ፍቅሬ ሐብተማርያም፣

ይህ ደብዳቤ በደኅና ቀን፣ በጤናዎ ላይ ያግኝዎ። እርስዎ አያውቁኝም። ዮሐና እባላለሁ፤ የአጎትዎ የአቶ ቸሩ የልጅ ልጅ ነኝ። እናቴ ልጅ ሳለች አዲስ ጫማዋን በቀይ ቀለም ቀብተውባት በአባትዎ እንደተገረፉ ትናገራለች። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው እዚህ የመጣሁት፤ ፊደል ከገደፍኩ ይለፉኝ።

የምሠራው ፍሪድሊ በሚባል ቦታ ነው። ለልብ ሕሙማን የሚገቡ ቀጫጭን ቱቦዎች የሚሠራ ካምፓኒ ውስጥ፣ ሺፍቴ እስኪያልቅ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ እውላለሁ። ዕረፍት ሲሆን ግን የድሮ የፊልም ፖስተሮች ፍለጋ እዞራለሁ። አንድ ጊዜ ሴንት ፖል ውስጥ ሊዘጋ የነበረ ሲኒማ ቤት ዕቃውን ሲሸጥ ገባሁና የአንድ የካውቦይ ፊልም ፖስተር ገዛሁ፤ ከዚያ ወዲህ ተያዝኩ። ሴዳር ሪቨርሳይድ የምንኖርበት አፓርታማ ጠባብ ነው። ፖስተሮቹ አልጋዬ ሥር ተዘርግተዋል፣ ቁምሳጥን ጀርባ ቆመዋል። እናቴ «የሰው ልጅ ልጅ ታሳድጋለች፣ የእኔዋ ወረቀት ታሳድጋለች» ትላለች።

እዚህ አገር ሰው ሲሞት ልጆቹ በዕቃው ሁሉ ላይ ዋጋ ለጥፈው የቤቱን በር ለገዢ ይከፍታሉ። ባለፈው ወር እንዲህ ወዳለ የአንድ ጡረተኛ አስተማሪ ቤት ገባሁ። ጋራዡ ውስጥ፣ ከበረዶ አካፋዎቹ ኋላ፣ አንድ የካርቶን ቱቦ አገኘሁ። ውስጡ የነበረው ፖስተር የታተመ አይደለም፤ በእጅ የተቀባ ነው። ቀይ ሳሪ የለበሰች ሴት፣ ከኋላዋ ፈረሰኛ፣ ከእግሯ ሥር ራሱ ትልቅ የሆነ እባብ። የሴቲቱ ፊት ግን አይታይም፤ የዕቃ መጠቅለያ ዓይነት ቡናማ ወረቀት ተለጥፎበታል። ከታች በቀኝ ጥግ በአማርኛ «ፍቅሬ ሐ. 1967» ይላል። ሳነበው እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ። የሟቹ ልጅ «አባቴ ወጣት ሳለ ኢትዮጵያ ያስተምር ነበር» አለችኝ።

ቤት ወስጄ ለእናቴ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ ፊርማውን ብቻ አየችና «ይሄ የአጎቴ የሐብተማርያም ልጅ ነው፤ ሲኒማ ቤት ይሥል ነበር» አለች። የፖስታ ሳጥን ቁጥርዎን በብዙ ሰው አድርጋ አገኘችልኝ። ከሕመምዎ ወዲህ ድምፅ እንደሌለዎትም ሰማን፤ ስልክ ያልደወልኩት ለዚህ ነው።

ፎቶ አንስቼ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። በእርግጥ የእርስዎ ሥራ ነው? ፊልሙስ ምን ነበር? ቡናማውን ወረቀትስ ማን ለጠፈው? ከዚህ የምልክልዎት ነገር ካለ ደግሞ ሳይሳቀቁ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣ ዮሐና


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮሐና፣

ሰላም ከቤታችሁ አይራቅ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉሮሮዬን ቀደው ካወጡልኝ ክፉ ሥጋ ጋር አብሮ ከሄደው ድምፄ በቀር ሁሉ አለኝ። ጎረቤቶቼ እንዲያውም ሰው ሆንክ ይሉኛል፤ በፊት ብዙ አወራ ነበርና። እናትሽን የጫማውን ነገር አልረሳሁትም በያት። ቀይ ያምርባት ነበር።

ፖስተሩ የእኔ ነው። እጄን አልክድም። የእባቡ ራስ በዛ ብሎ የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ተቆጥቶኝ ነበር፤ «ሰው የሚገባው ለእባቡ ነው» ብዬ መለስሁለት። እንዳልሁትም ሆነ፣ ሰልፉ አስፋልቱን ተሻገረ። ፊልሙ የህንድ ነበር፤ ስሙን ዘንግቼዋለሁ።

አንቺ ወረቀት ስለምትወጂ እንዴት እንደምንሠራ ልንገርሽ። ፊልሙ ሲመጣ ከተጠቀለለበት ጣሳ ጋር መዳፍ የምታክል ደብዛዛ ፎቶ ትመጣለች። እሷን እያየሁ ነው በር የሚያክለውን የምቀባ። ቀለሙ ዱቄት ነው፤ በኮላና በውሃ እበጠብጠዋለሁ። ፊልሙ ሲወርድ ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ሌላ እቀባበታለሁ፤ ወረቀት አይገኝም ነበር። እንዲህ እያልሁ ሥራዬን ሁሉ በገዛ እጄ አጠፋሁት። ዛሬ ቤቴ ውስጥ አንድም የለም። አንቺ ያገኘሽውን ብቻ አልገለበጥሁትም።

አስተማሪውን አውቀዋለሁ። ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማር። አሜሪካኖቹ ከአገር ሲወጡ እኔ ነኝ የሰጠሁት።

ከቡናማው ወረቀት ሥር ያለው ፊት ደኅና መሆን አለመሆኑን ማወቅ እፈልጋለሁ። ለችኮላ አይደለም፤ በተመቸሽ ጊዜ። ሌላ የሚያስፈልገኝ ነገር የለም፤ እሱን ብቻ ጻፊልኝ።

እግዚአብሔር በሥራሽ ላይ ይቁምልሽ።

ፍቅሬ


ሚኒያፖሊስ፣ ጃንዋሪ 12፣ 2025

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ጋሽ ፍቅሬ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ፤ መጪው ጥምቀትም የደስታ ይሁንልዎት። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በገና ዋዜማ ነው። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ እባቡ ጋ ስንደርስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ውጭው እንኳን ሰው ውሻም የማያስወጣ ብርድ ነው፤ ቤታችን ግን በእርስዎ ደብዳቤ ሞቆ ሰነበተ።

ፊቱን ማየት እንደፈለጉ ገባኝ። አንድ የቀረዎትን ሥራ ማየት ለእርስዎ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ የእኔ የገና ስጦታ ይሁን ብዬ ፖስተሩን ሴንት ፖል ወዳለ አንድ ሽማግሌ ወሰድኩት። ዕድሜውን ሙሉ ያረጁ ፖስተሮችን ሲያድስ የኖረ ሰው ነው፤ እዚህ ያለን ሰብሳቢዎች ሁላችንም ወደ እሱ ነው የምንሄደው። ቡናማውን ወረቀት በእንፋሎት ያነሳዋል፣ የተቀደደውን ይጠግናል፣ ከኋላው አቡጀዲ ይለጥፍበታል፣ የረገፈውን ቀለም ይሞላል። «ምን ያህል ላድሰው?» ሲለኝ «እንደ አዲስ አድርግልኝ» አልኩት። የተዋናይዋ ፎቶ ካለሽ ይጠቅመኛል ስላለኝም ሥራ ቦታ አብራኝ የምትሠራ አንዲት ህንዳዊት በእባቡና በዓመቱ ተመርታ ፊልሙን አወቀችው፤ ጥርት ያለ ፎቶ ፈልጌ ላክሁለት። ወረፋ አለበት፤ በረዶው ሲቀልጥ ይደርሳል። ያኔ በትልቁ አሳትሜ እልክልዎታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ አስቤ ነበር። እናቴ «እህትም ነበረችው፣ ባየሽ የምትባል» አለችኝና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረች። ካልፈለጉ ይተዉት።

ልጅዎ ዮሐና


አዲስ አበባ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዮሐና፣

ሰላምታዬን አሳጥራለሁ፤ አትቀየሚኝ።

ሰውየው ፊቱን እንዳይነካው። ይህ ወረቀት እንደደረሰሽ ሥራሽንም ጥለሽ ቢሆን ሂጂና ንገሪው። ቡናማውን ወረቀት ያንሳ፤ ፎቶ ያንሳ፤ እዚያ ላይ ይቁም። የተቀደደ ይሁን፣ የረገፈ ይሁን፣ እንዳለ ይተወው። አዲስ አልፈልግም።

ደብዳቤሽን ከፖስታ ቤት ያመጣችልኝ ጎረቤቴ ኢብሲቱ ናት፤ መድኃኒት መደብር አላት። አንብቤ ስጨርስ ያመመኝ መስሏት ልትመረምረኝ ነበር። በስልክሽ መልእክት ላኪልኝ ብዬ ጻፍሁላትና ደብዳቤሽን አገላበጥነው፤ አድራሻ እንጂ ቁጥር አላኖርሽበትም። በፌስቡክ ፈለገችሽ፤ ዮሐና የሚባለው ብዙ ነው። ከፖስታ በቀር መንገድ አጣን።

መጀመሪያ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ስሟን ወረቀት ላይ መጻፍ ከተውሁ ዘመን አልፏል፤ ብዕሩ እምቢ አለኝ።

የህንዷ ተዋናይ ፎቶ ያን ጊዜ ደብዝዞ ነበር የመጣ፤ ዓይኗ ከየት እንደሚጀምር እንኳ አይታይም። እቤት ውስጥ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ወጥሬ ተቸግሬ ቆሜ ሳለሁ ባየሽ አልጋው ላይ ተቀምጣ ለፈተና ታጠና ነበር። ታናሼ ናት። ቀና ብላ «ምን ትገተራለህ?» አለችኝ። «ዝም በይ፣ አትነቃነቂ» አልኋት። እሷን እያየሁ ቀባሁ። ስጨርስ መጥታ አጠገቤ ቆማ አየችውና «አንተ፣ ይቺ ህንድ አፍንጫዬን ሰርቃኛለች» አለች። በሰፈር ለብዙ ጊዜ «የፖስተሯ ልጅ» ሲሏት ኖሩ።

ያ ፊልም በ1969 ተመልሶ መጣ፤ ፖስተሩም በሲኒማ ቤቱ በር ላይ እንደገና ተሰቀለ። ባየሽ ግን ያን ጊዜ እቤት አልነበረችም። ይፈልጓት ነበር፤ ተደብቃለች። እሷን የሚፈልጉት ሰዎች ደግሞ መልኳን አያውቁም። አንድ ጠዋት አንዱ ሱቅ በር ላይ ቆሞ «የፖስተሯ ልጅ ማለት የትኛዋ ናት?» ብሎ ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰማሁ። ወዲያው ሄጄ ፖስተሩን አወረድሁት። ልቀደው አልቻልሁም። በዱቄት ሙጫ ቡናማ ወረቀት ፊቷ ላይ ለጠፍሁበት፤ የዱቄት ሙጫ በእንፋሎት ይለቃል፣ ስትመለስ አነሳዋለሁ ብዬ። ቤት ለቤት ፍተሻ ሲመጣ ለአስተማሪው ሰጠሁት። እናታችንም በዚያው ሳምንት እሷ ያለችበትን ፎቶ ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

በሚቀጥለው ዓመት ያዟት። ሬሳዋንም አላየንም።

እናቴ እስክትሞት ድረስ በመስኮት ታያት ነበር። እኔ ግን ልጄ፣ መልኳ ጠፍቶኛል። ምን ዓይነት ልጅ እንደነበረች አውቃለሁ፤ ፊቷን ግን ስፈልገው የቀባኋቸው ሴቶች ሁሉ እየመጡ ይጋርዱብኛል። ያለኝ ከዚያ ወረቀት ሥር ያለው ብቻ ነው።

ሂጂልኝ።

ፍቅሬ


ሚኒያፖሊስ፣ ኤፕሪል 27፣ 2025

ጋሽ ፍቅሬ፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ ብዬ እንዴት እንደምጀምር አላውቅም፤ ግን እናቴ ሳትጽፊ አትለፊ አለችኝ። እግዚአብሔር ያበርታዎት።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። ብዙ ጊዜ ብዕር አንስቼ አስቀምጫለሁ።

የደረሰው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ፖስተሩን በማርች ተቀብዬው ሳሎን ሰቅዬው ነበር። አምሮ ነበር ጋሽ ፍቅሬ። በየቀኑ ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ እየሄድኩ አየው ነበር፤ በትልቁ ለማሳተምም ሰጥቼ ነበር። ደብዳቤዎን ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ እሷ ፊት ለፊት። ቀና ስል ያየችኝ እኔ ራሴ ፎቶዋን ፈልጌ የላክኋት ተዋናይ ናት።

በሚቀጥለው ቀን ሥራ አልገባሁም። ሴንት ፖል ድረስ ድራይቭ አድርጌ ሄድኩ። ሽማግሌው በደስታ ነው የተቀበለኝ፤ ሌላ ፖስተር ያመጣሁ መስሎታል።

«ወረቀቱን ስታነሳው ከሥሩ ምን ነበረ?» አልኩት።

«ግማሹ ቀለም ከወረቀቱ ጋር ተነሳ» አለኝ። «ዓይኖቹ ግን ነበሩ። አፍንጫውም። አፉ ግማሽ። ሠዓሊው ጎበዝ ነው፣ ግን ፊቱ ላይ ተሳስቷል፤ ተዋናይዋን ፈጽሞ አትመስልም ነበር። በላክሽልኝ ፎቶ አስተካከልኩት።»

«ከማስተካከልህ በፊት ፎቶ አላነሳህም?»

«ለምን? እንደ አዲስ አድርግልኝ አልሽኝ እኮ።»

«ቡናማው ወረቀትስ? ጀርባው ላይ የቀረ ቀለም ይኖራል።»

«ጣልኩት» አለኝ። ያኔ ነው ፊቴን አይቶ ወንበር ያቀረበልኝ።

ስነግረው በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ የምጮህበት አገኝ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ መኪና ውስጥ የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ የባየሽን ፊት ያየው እሱ ብቻ ነው። እሱም ስህተት መሰለው።

ምን ላድርግ? ይንገሩኝና አደርጋለሁ። ከታች የስልክ ቁጥሬን ጽፌያለሁ፤ ያኔ መጻፍ የነበረብኝ።

ዮሐና


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ዮሐና፣

ይህችን ኢብሲቱ በስልኳ ፎቶ አንስታ ነው የምትልክልሽ። አሁን በደቂቃ ይደርሳል አለችኝ።

አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ይህን እኔ ስልሽ እመኚኝ። የለጠፍሁት እኔ ነኝ፤ ያልነገርሁሽም እኔ ነኝ። ስለዚህ አትታመሚብኝ፣ ሥራሽንም አታስተጓጉይ።

ከደብዳቤሽ ወዲህ በየቀኑ እርሳስ እይዛለሁ። ዓይን እጀምራለሁ፤ ዓይን ይሆናል፣ የማንም ዓይን። እጄ የተማረውን ይሠራል እንጂ የጠየቅሁትን አይሠራም።

ሰውየውን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ባየሽ ልጅ ሳለች ከአጥር ወድቃ የግራ ቅንድቧ ተሰንጥቆ ነበር፤ እዚያ ጋ ፀጉር አይበቅልም። ስቀባት ያንን ቀብቼው ነበር ወይስ አሳምሬ ትቼው? አላስታውስም። እሱ አይቶ እንደሆነ ይንገረኝ። ሌላም የሚያስታውሰው ካለ፣ ምንም ትንሽ ቢሆን።

ፍቅሬ


ሚኒያፖሊስ፣ ጁን 22፣ 2025

ጋሽ ፍቅሬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ሌሊቱ ያስተኛዎታል? እኛ ደኅና ነን።

ከእናቴ ጋር ሄድን። እሷ መኪና ውስጥ ልትቆይ ነበር፤ በኋላ «እኔም ልስማ» ብላ ወረደች። የቅንድቡን ነገር ጠየቅኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው።

«ግራ ቅንድቡ ላይ ክፍተት ነበር» አለኝ። «ቀለሙ የተሰነጠቀ መስሎኝ ሞላሁት።»

ስለዚህ ቀብተውት ነበር።

እናቴ ምን እንዳለ በአማርኛ ስነግራት ወደ መስኮቱ ዞረች። ሽማግሌው ሳንጠይቀው ወረቀት አወጣና ያየውን ሊሥልልን ሞከረ። ሣለ፣ አጠፋ፣ እንደገና ሣለ። መጨረሻ ላይ እርሳሱን አስቀመጠና «ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ ተዋናይዋ ናት፤ እሷ ላይ ነው ብዙ የሠራሁት» አለ። እናቴንም «አንቺስ?» አልኳት። «ድምፅዋ ይመጣልኛል» አለችኝ። «መጽሐፍ ስታነብ፣ ከጓሮ ሆና ስትጠራኝ። ፊቷ ጋ ስደርስ ይነጣብኛል።» ከዚያ ወዲህ ስለዚህ አላወራንም። ሐሙስ ዕለት ግን ከሥራ ስገባ ፖስተሩ ፊት ወንበር አድርጋ ተቀምጣ አገኘኋት።

እሱ የቀባው ይነሳ እንደሆን ጠየቅኩት። የእሱ የውሃ ቀለም ነው፤ በእርጥብ ጥጥ ይለቃል። ሠዓሊው ምን ተጠቅሞ ነበር ሲለኝ ዱቄት በኮላና በውሃ አልኩት፣ ከደብዳቤዎ እንዳነበብኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ያም ይለቃል» አለ። «የላዩ የት እንደሚያልቅና የሥሩ የት እንደሚጀምር ጥጡ አያውቅም። ከተነሳም የሚቀረው ምናልባት ነጭ ወረቀት ነው። እኔ አልነካውም። ባለቤቱ ይወስን።»

ባለቤቱ እኔ አይደለሁም። ናፍያድ የሚባል የጓደኛዬ ወንድም በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ ይመጣል፤ በቱቦ አሽጌ እሰጠዋለሁ። በእጁ ይዞት ነው የሚገባው፣ ከሻንጣው ጋር አያስጭነውም፤ አስምዬዋለሁ። ሌላ የማደርገው ነገር ቢኖር አደርገው ነበር። ሳስበው የምውለው እሱን ነው፤ አላገኘሁትም።

አልጋዬ ሥር ያሉትን ሌሎቹን ፖስተሮች ከዚያ ወዲህ አውጥቼ አላየሁም።

ልጅዎ ዮሐና


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮሐና፣

ባለሽበት እግዚአብሔር ይጠብቅሽ፤ ለእናትሽም ጤና ይስጥልኝ። ናፍያድ ጨዋ ልጅ ነው። ቱቦውን አቅፎ ነው ደጄ ላይ የቆመው፤ ቤት ግባ ስለው እንኳ መጀመሪያ እሱን ይቀበሉኝ አለ።

ይህን በፖስታ እልክልሻለሁ። የሚያስቸኩል ነገር የለበትም።

ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ አራቱን ጠርዝ በመጽሐፍ አስያዝሁት። እባቤ ደኅና ነው። ፈረሱም ደኅና ነው፤ የኋላ እግሩን ያኔም አበላሽቼው ነበር፣ አሁንም እንዳበላሸሁት አለ። ከዚያ ፊቱን አየሁ። ያንን ሽማግሌ ካገኘሽው ቂም እንዳልያዝሁበት ንገሪው። ሥራው ንጹሕ ነው። ጥላውን የጣለበት፣ ከንፈሩን ያለሰለሰበት፣ እኔ በዘመኔ እንዲህ ማድረግ አልችልም ነበር። ቢያበላሸው ኖሮ ለመጥረግ እጄ ይደፍር ነበር።

ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ በጎን ሲገባ ዝቅ ብዬ አያለሁ። ከእሱ ቀለም ሥር የእኔ ብሩሽ የሄደበት መስመር ይታያል፣ በተለይ በጉንጯ በኩል። ደረቅ ብሩሽ እየጎተትሁ እቀባ ስለነበር ይታወቀኛል። አለች። እዚያው ናት። ምን ያህሏ እንዳለች ግን አላውቅም።

ኢብሲቱን ጠራኋት። የእሷ እጅ አይንቀጠቀጥም፤ መድኃኒት ስትመዝን የምትኖር ሴት ናት። ጥጡን አርጥባ፣ ጨምቃ፣ ግራ ቅንድቧ አጠገብ አድርሳው «ልንካው?» አለችኝ። በምነጋገርበት ሰሌዳ ላይ «ቆዪ» ብዬ ጻፍሁ። ቆየች። ክንዷ እስኪዝል ቆየች። ከዚያ ጥጡን አስቀመጠችውና ወጣች።

በማግስቱ ራሷ መጣች። «ዛሬስ?» አለችኝ። «ዛሬ» ብዬ ጻፍሁ። ጥጡ ሊነካ ሲል እጇን ያዝሁት። ብጠርገውና ቅንድቡ ቢወጣ፣ ቢያንስ ያ ክፍተት ቢወጣ፣ ደስታዬን አልችለውም። ብጠርገውና ነጭ ወረቀት ቢሆን ደግሞ የገደልኋት እኔ ነኝ። አንቺ እዚህ ብትኖሪ ትፈርጂልኝ ነበር ይሆን? እኔ በራሴ ላይ መፍረድ አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀን እንዲህ አደረግን። ጥጡ በሣህኑ ላይ ይደርቃል፤ ኢብሲቱ ጠዋት አዲስ ታመጣለች።

አሁን ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ዝናቡ ስለበረታ ከመስኮቱ ራቅ አድርጌ፣ ከአልጋዬ ፊት ለፊት። ፊቱን ልሸፍነው አሰብሁና አንድ ጊዜ ሸፍኛት ያየሁትን አይቻለሁ ብዬ ተውሁት።

ትናንት የኢብሲቱ እህት ከአምቦ መጥታ ልትጠይቀኝ ገባች። የእኔን ነገር አታውቅም። ፖስተሩ ፊት ቆማ ብዙ አየችና «ማናት?» አለችኝ። ሰሌዳውን አነሳሁ። «እህቴ ባየሽ» ብዬ ጻፍሁ።

«ውይ፣ ታምራለች» አለች።

ኢብሲቱ አየችኝ። ሰሌዳውን ጠረግሁት።

ፍቅሬ